የስልክ ከቨር ለጂኦግራፊ ትምህርት

እንደሚታወቀው በብዙ ትምህርት ቤቶች የተራራ ፎቶግራፍ እንደ ልብ አይገኝም። የስልክ ከቨር ግን በየኪሱ አለ። እኛ እጩ መምህራን ማተርሆርን የታተመበትን አንድ ከቨር ለማስተማር ልምምድ ወስደን ተመልክተነዋል። ተራራው በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ወሰን ላይ ሲሆን ከፍታው 4,478 ሜትር ነው። ጫፉ እንደ ጦር የሾለው የበረዶ ግግር ጎኖቹን ከየአቅጣጫው ስለ ቦረቦራቸው ነው።

ታዲያ ተማሪዎች «የእኛ የስሜን ተራሮችስ?» ማለታቸው አይቀርም። እነዚያ የተሠሩት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት እየተደራረበ ከፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ ዐለት ነው። ዝናብና ወንዝ ስለ ሸረሸሩት ገደሉ እንደ እንጀራ ንብርብር ሆኖ ይታያል። ራስ ዳሽን ከ4,500 ሜትር በላይ ነውና ማተርሆርንን ይበልጠዋል። በሥዕል ብቻ ማን ያምናል!

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ከቨሩ ጠባብና ረጅም ስለሆነ የፎቶው ግራና ቀኝ ተቆርጦ ይቀራል፤ ሸለቆው ይጠፋና ጫፉ ብቻ ይገናል። ስለሆነም የራስ ዳሽንን ቅርጽ በጠመኔ ስለን «የትኛው ይበልጣል? በምን አወቃችሁ?» ብለን እንጠይቅ። ቁጥሩን የምንጽፈው ክርክሩ ከሞቀ በኋላ ነው። ከቨሩንም ከስልኩ አውልቆ ማዞር ይሻላል፤ መሀል ላይ ከተደወለ ትምህርቱ አበቃ ማለት ነው።