የወደቀ ዋጋ ሁሉ ርካሽ አይደለም

ዛሬ የማነሳው ጉዳይ የገበያ ጉዳይ ነው፤ ያውም የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች አክሲዮን ገበያ። ይህን እንድጽፍ ያነሳሱኝ ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ የኢትዮጵያ ሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር ወር 2017 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ስለ አክሲዮን የሚጠይቁኝ ወጣቶች መብዛታቸው ነው። ሁለተኛው፣ እኔ ራሴ በአሜሪካ ሳለሁ የፈጸምኩት ስህተት ነው። ስህተቴን የምናገረው ሰው እንዲያዝንልኝ ሳይሆን ሌላው እንዲማርበት ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዘመኖች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይያዝልኝ።

በ2000 ዋሽንግተን አካባቢ ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት ሒሳብ እሠራ፣ ማታ ማታ ታክሲ እነዳ ነበር። ወንድሞቼና እህቶቼ እናታችንን ሐጅ ለመላክ የሚያዋጡትን ገንዘብ እኔ ዘንድ ያስቀምጡ ነበር። በዚያ ዘመን ታክሲዬ ውስጥ የሚሳፈረው ሰው ሁሉ ወሬው ስለ ኢንተርኔት ኩባንያዎች ነበር። የእነዚህ ኩባንያዎች አክሲዮን በብዛት የሚሸጥበት ናስዳክ የተባለው ገበያ መለኪያ አኃዝ በማርች 10 ቀን 2000 በ5,048 ተዘጋ። ከዚያም ቁልቁል ወረደ። በሜይ ወር ከሲሶ በላይ ወርዶ ሳየው፣ «እንግዲህ ረክሷል፤ የመግዣው ጊዜ አሁን ነው» አልኩ። የራሴንም የእናቴንም ገንዘብ አንድ ላይ አድርጌ ገዛሁ።

የመጀመሪያው ስህተቴ ይህ ነው። ወርዷል ማለትና ረክሷል ማለት አንድ ነገር እንደሆነ መሰለኝ። ነገሩን በመርካቶ ሱቅ እንመልከተው። በዓመት 100 ሺህ ብር የሚያተርፍ ሱቅ አለ እንበል። አንድ ሰው 10 ሚሊዮን ብር ቢገዛው ገንዘቡን ከትርፉ ለመመለስ 100 ዓመት ያስፈልገዋል። በማግሥቱ ዋጋው ወደ 5 ሚሊዮን ቢወርድ «ግማሽ በግማሽ ቀነሰ» ይባላል። ግን አሁንም 50 ዓመት ነው። የሱቁን ዋጋ ከትናንት ዋጋው ጋር ያነጻጸረ ይሳሳታል፤ ከሚያስገኘው ትርፍ ጋር ያነጻጸረ ግን እውነቱን ያያል። አክሲዮንም የአንድ ድርጅት ቁራጭ ባለቤትነት እንጂ ሌላ አይደለም። ብዙዎቹ የ2000 የኢንተርኔት ኩባንያዎች ደግሞ እንኳን 100 ሺህ፣ አንድም ብር የማያተርፉ ነበሩ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ናስዳክ ከከፍታው በግማሽ ሲወርድ «ከዚህ በታች የት ይወርዳል?» ብሎ የገዛ ሰው፣ ከዚያም በኋላ ከገንዘቡ ከግማሽ በላይ አጥቷል። ምክንያቱም አኃዙ በኦክቶበር 9 ቀን 2002 በ1,114 እስኪዘጋ ድረስ መውረዱን አላቆመም። ይህም ከጫፉ 78 በመቶ መውደቅ ማለት ነው። 78 በመቶ የወደቀ ነገር ወደ ነበረበት ለመመለስ 78 በመቶ መጨመር አይበቃውም፤ ከአራት እጥፍ በላይ መሆን አለበት። ናስዳክ የማርች 2000ን መዝጊያ ዋጋ መልሶ ያለፈው በኤፕሪል 2015 ነው። አሥራ አምስት ዓመት! ለሐጅ የተቀመጠ ገንዘብ፣ ለልጅ ትምህርት የታሰበ ገንዘብ አሥራ አምስት ዓመት ሊጠብቅ ይችላልን?

ሁለተኛው ስህተቴ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ከገዛሁ በኋላ ገበያው ለጥቂት ወራት አንሰራራ። በሴፕቴምበር መግቢያ አኃዙ ከ4,200 በላይ ደረሰ። ትርፉን ሳይ ልቤ አበጠ፤ ራሴን እንደ አዋቂ ቆጠርኩ። የአክሲዮን ደላላው ድርጅት፣ ያሉኝን አክሲዮኖች በመያዣነት ይዞ የዚያኑ ያህል ገንዘብ በወለድ ሊያበድረኝ እንደሚችል ነገረኝ። ወለድ መሆኑን አላውቅም ነበር ብዬ አልዋሽም፤ ወረቀቱ ላይ ተጽፎ ነበር። አንብቤ ፈረምኩ።

ይህ ብድር እንዴት እንደሚሠራ ለስሌት በሚመች ቁጥር ላስረዳ። የራስህ 10 ሺህ ዶላር አለ፤ 10 ሺህ ትበደርና የ20 ሺህ ዶላር አክሲዮን ትይዛለህ። ዋጋው በሲሶ ቢወርድ አክሲዮንህ ወደ 13,300 ይሆናል። ዕዳህ ግን 10 ሺህነቱ አይለወጥም። ስለዚህ የአንተ የሆነው 3,300 ያህል ብቻ ነው፤ ማለትም ከጠቅላላው ሩብ። የአሜሪካ ገበያ ደንብ ዝቅተኛው ወለል ይህ ሩብ ነው፤ ብዙ ደላሎች ከዚያም ከፍ ያለ ይጠይቃሉ። ከዚያ በታች ስትወርድ «ገንዘብ ጨምር» ትባላለህ፤ ካልጨመርክ ደላላው ራሱ ይሸጥብሃል። ዋጋው 40 በመቶ ቢወርድ አንተ ያጣኸው 80 በመቶ ነው። በብድር ያልገዛ ሰው የመታገሥ ምርጫ አለው። በብድር የገዛ ግን ዋጋው ከሁሉ ዝቅ ባለበት ቀን ለመሸጥ ይገደዳል።

እኔን ያገኘኝም ይኸው ነው። ከሴፕቴምበር እስከ ዓመቱ መጨረሻ ናስዳክ ከ40 በመቶ በላይ ወረደ። የምጨምረው ገንዘብ ስላልነበረኝ ያለኝ ሁሉ ተሸጠ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በችኮላ የያዝኩት በአንድ መኸር ተበተነ። በደላላው አልፈርድም፤ የተስማማሁበትን ነው የፈጸመው።

ወገኖቼ፣ «ኩባንያው ጥሩ ከሆነ ችግር የለም» የሚሉ አሉ። ሦስት ኩባንያዎችን እንይ። ፔትስ ዶት ኮም የተባለው የቤት እንስሳት ዕቃ ሻጭ በፌብሩዋሪ 2000 አክሲዮኑን ለሕዝብ ሸጦ፣ በኖቬምበር በዚያው ዓመት ተዘጋ። ዋጋው በወረደ ቁጥር እየጨመረ የገዛ ሰው ከሞላ ጎደል ሁሉንም አጣ። ሁለተኛው ሲስኮ ነው። የኢንተርኔት መረብ መሣሪያዎችን የሚሠራ፣ እውነተኛ ትርፍ ያለው፣ በማርች 2000 በገበያ ዋጋ ከዓለም ኩባንያዎች ሁሉ አንደኛ ለመሆን የበቃ ድርጅት ነበር። ኩባንያው አልሞተም፤ ዛሬም አለ፤ ያተርፋል። ሆኖም አክሲዮኑ ከ80 ዶላር ገደማ ከ10 ዶላር በታች ወረደ፤ በጫፉ የገዛው ሰው ያንን ዋጋ መልሶ ለማየት ከሃያ ዓመት በላይ መጠበቅ ነበረበት። ጥሩ ኩባንያ በመጥፎ ዋጋ ሲገዛ መጥፎ ንግድ ይሆናል።

ሦስተኛው አማዞን ነው። አክሲዮኑ ከ100 ዶላር በላይ ከነበረበት በ2001 ከ6 ዶላር በታች ወርዶ ነበር። ዛሬ ሁሉም «ያኔ በገዛሁ ኖሮ» ይላል። ነገር ግን ያን ጊዜ ከፔትስ ዶት ኮም በምን ይለይ ነበር? ዋጋውን ብቻ ያየ መልስ የለውም። ሒሳቡን ያየ ግን አንዳንድ ምልክት ያገኝ ነበር። ሽያጩ በ1999 ከነበረበት 1.6 ቢሊዮን ዶላር በ2001 ወደ 3.1 ቢሊዮን አድጓል። ከገዢው ገንዘቡን ወዲያው ይቀበላል፤ ለዕቃ አቅራቢው የሚከፍለው ግን ከሳምንታት በኋላ ነው። በ2001 መጨረሻ ሩብ ዓመትም ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቂት ትርፍ አሳየ። ይህም ቢሆን ማረጋገጫ አልነበረም። ስለዚህ ሁሉን በአንድ ኩባንያ ላይ ከመጣል በብዙ ኩባንያዎች ላይ መከፋፈል የጥንቃቄ መንገድ ነው።

ሙስሊም ባለ ገንዘብ ከዚህ በተጨማሪ የሚመለከተው የሸሪዓ ሚዛን አለው። የእስልምና ጉባኤ ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ በ1992 ጂዳ ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ሥራው ሐላል በሆነ ኩባንያ አክሲዮን መያዝን ፈቅዷል፤ አክሲዮንን አስይዞ በወለድ ብድር መግዛትንና የራስ ያልሆነን አክሲዮን መሸጥን ግን ከልክሏል። ዋና ሥራቸው ሐላል ሆኖ አልፎ አልፎ በወለድ የሚሠሩትን በሚመለከት መሠረቱ ክልከላ ነው ብሏል። በሌላ በኩል ለእስላማዊ የፋይናንስ ተቋማት ደረጃ የሚያወጣው አዮፊ፣ ኩባንያው የተበደረው የወለድ ዕዳ ከገበያ ዋጋው 30 በመቶ፣ ያልተፈቀደ ገቢውም 5 በመቶ እንዳያልፍ፣ ያም ገቢ ተለይቶ እንዲወጣ በሚሉ ቅድመ ሁኔታዎች አስተናግዷል። አንባቢ በሚያምነው ዓሊም ይመራ።

እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነጥብ አለ። የ20 ቢሊዮን ዶላር የወለድ ዕዳ ያለበት ኩባንያ የገበያ ዋጋው 100 ቢሊዮን ሲሆን ዕዳው 20 በመቶ ነው። ገበያው ወድቆ ዋጋው 50 ቢሊዮን ሲሆን፣ አንድ ሳንቲም ሳይበደር ዕዳው 40 በመቶ ሆነ ማለት ነው። ትናንት ሚዛኑን ያለፈው ዛሬ ላያልፍ ይችላል። ስለሆነም ገበያ ሲወድቅ ሐላልነቱን እንደገና መመርመር ያስፈልጋል። ዘካም እንዲሁ ነው። ለንግድ የተያዘ አክሲዮን ዘካው የሚታሰበው ዓመቱ በሞላበት ቀን ባለው የገበያ ዋጋ እንጂ በተገዛበት ዋጋ አይደለም። በ100 ሺህ ዶላር የተገዛው 40 ሺህ ከሆነ ዘካው 1,000 እንጂ 2,500 ዶላር አይደለም። ዋጋው ሲወጣም በወጣው ይታሰባል።

በ2022 ይህ ሁሉ በሌላ መልክ ተደገመ። የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ወደ ዜሮ ተጠግቶ የነበረውን ወለድ ከማርች ጀምሮ በተከታታይ ከፍ አደረገ። ትርፋቸው ከሩቅ ዓመት የሚጠበቅ ኩባንያዎች በዚህ ጊዜ አብዝተው ይጎዳሉ፤ ምክንያቱም ገንዘብ ዛሬ ውድ ሲሆን የነገ ትርፍ ዋጋ ያንሳል። ናስዳክ በዚያ ዓመት ሲሶ ያህል፣ የፌስቡክ ባለቤት የሆነው ሜታ ደግሞ 64 በመቶ ያህል ወረደ። በቨርጂኒያ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ደወለልኝ። «አጎቴ፣ ሁሉም ነገር ረክሷል፤ ያለኝን ሁሉ ላስገባ?» አለኝ። ድምፁ የራሴን የ2000 ድምፅ አስታወሰኝ።

ሦስት ነገር ጠየቅሁት። ገንዘቡ የማን ነው? መቼ ያስፈልግሃል? የምትገዛው ኩባንያ ምን ያተርፋል? ለመጀመሪያው «የራሴ ነው» አለ። ለሁለተኛው ዝም አለ። ከገንዘቡ ገሚሱ በሚቀጥለው ዓመት ለሚያገባት ልጅ መህር የታሰበ ነበር። «እሱን አትንካ» አልኩት። የቀረውን ከወለድ ዕዳ በራቁ ብዙ ኩባንያዎች ላይ፣ በአንድ ቀን ሳይሆን በየወሩ እኩል እኩል ገንዘብ እንዲያውል መከርኩት። በየወሩ 300 ዶላር የሚያወጣ ሰው ዋጋው 30፣ 20 እና 15 ዶላር በሆነባቸው ሦስት ወራት 10፣ 15 እና 20፣ በጠቅላላው 45 አክሲዮን ያገኛል፤ አንዱ በ20 ዶላር ደረሰው ማለት ነው። የገበያው መጨረሻ የት እንደሆነ መገመት አይጠበቅበትም።

በ2023 ገበያው ተነሣ፤ ሜታ ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ቀረው። የእህቴ ልጅ ደውሎ «አጎቴ፣ የመህሩንም ባስገባው ኖሮ!» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ያተርፍ ነበር። ይህን አልካድኩትም። ግን ውሳኔ የሚመዘነው በመጨረሻው ዕድል ሳይሆን በተወሰነበት ቀን በነበረው ዕውቀት ነው። በ2000 ሜይ የገዛሁት እኔና በ2022 የገዛው እርሱ ያየነው አንድ ዓይነት የወደቀ ዋጋ ነበር፤ አንዱ ዓመት ቆይቶ ተነሣ፣ ሌላው አሥራ አምስት ዓመት ፈጀ። የትኛው የትኛው እንደሚሆን ያወቀ አልነበረም። ልጅቷም መህሯን በቀኑ ተቀበለች።

የእናቴን ነገር ሳልጨርስ አልሰናበትም። ገንዘቡ መጥፋቱን ሁለት ዓመት ደብቄ ነገርኳት። «ልጄ፣ ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል፤ እኔን የከፋኝ አደራ መሆኑን መርሳትህ ነው» አለችኝ። ታክሲ እየነዳሁ በአራት ዓመት መልሼ አሟላሁ። በዚያን ጊዜ ግን ጉልበቷ ከአልጋ የማያስወርዳት ሆኖ ነበር፤ ሐኪሞችም ተስፋ አልሰጡንም። ቀድሞ የራሴን ሐጅ አድርጌ ስለነበር በእርሷ ምትክ ሄድኩ። ከዐረፋ ደውዬ «ደርሻለሁ» ስላት ዱዓ አደረገችልኝ። እኔ ግን እዚያ መቆም የነበረባት እርሷ እንደነበረች አውቅ ነበር።

ስለዚህ ወጣት ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ገበያ ሲወድቅ አትፍሩ፣ አትቸኩሉም። የሰው አደራ አታስገቡ፤ በብድር አትግዙ፤ በቅርብ የሚያስፈልጋችሁን ገንዘብ ለይታችሁ አስቀምጡ። ከዚያ በኋላ የቀረው የራሳችሁ ነው፤ ሒሳቡን አንብባችሁ፣ ሐላልነቱን ጠይቃችሁ፣ በአላህ ተመክታችሁ ነግዱ። ወሰላሙ ዐለይኩም።