ትልቅ የሪሞት አውሮፕላን ለመጀመሪያ በረራ ሲዘጋጅ፦ ለወላይታ ሠሪዎች

ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ2 ሜትር የሚበልጥ፣ 9 ኪሎ ገደማ የሚመዝን፣ በትንሽ የቤንዚን ሞተር የሚሠራ አውሮፕላን በእጃችሁ ሠርታችሁ ጨረሳችሁ እንበል። ቀለሙ ደርቋል፣ ጓደኞቻችሁ «መቼ ነው የሚበረው?» እያሉ ነው። አትቸኩሉ። በዩቲዩብ የምታገኟቸው መመሪያዎች አብዛኞቹ የተዘጋጁት ለባሕር ወለል ቅርብ በሆነ ሜዳ ላይ ለሚያበርሩ ሰዎች ነው፤ ሶዶ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት።

ልዩነቱ ትንሽ አይደለም። በ25 ዲግሪ ሙቀት የሶዶ አየር ከባሕር ወለል መደበኛ አየር በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ ክንፉ አውሮፕላኑን ለመሸከም የሚፈልገው ፍጥነት 15 በመቶ ያህል ይጨምራል፣ የመነሻ ሩጫው ቢያንስ በግማሽ ይረዝማል፣ ሲያርፍ መሬት ላይ የሚጥለው ጉልበት ደግሞ በሲሶ ይበልጣል። በ1928 ዓ.ም. ጀርመናዊው ሉድቪግ ዌበር አዲስ አበባ ላይ የሠራት፣ ጣሊያኖች ወስደዋት በጥር 2016 ዓ.ም. ወደ አገሯ የተመለሰችው «ፀሐይ» የተባለችው አውሮፕላን የበረረችውም ከዚህ በሳሳ አየር ውስጥ ነበር። ይቻላል ማለት ነው፤ ስሌቱ ግን የራሳችን መሆን አለበት።

መጀመሪያ ፈቃድ

አገራችን ውስጥ በሪሞት የሚበር ነገር እንደ መጫወቻ አይታይም። ለኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንና ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር (ኢንሳ) በጽሑፍ ጠይቁ፤ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ከሆናችሁ ደብዳቤውን ተቋሙ ቢጽፈው ይሻላል። የቀበሌው አስተዳደርና የአካባቢው ፖሊስም ቀኑንና ሰዓቱን ቀድመው ይወቁ። ከቢጠና ወደ ብላቴ ወንዝ ሲወረድ ምድሩ ዝቅና ሜዳማ እየሆነ ስለሚሄድ ለበረራ ያጓጓል፤ ነገር ግን በብላቴ አካባቢ ወታደራዊ ማሠልጠኛ አለ፣ ከዚያ ራቁ። ከሶዶ አውሮፕላን ማረፊያም እንዲሁ።

ሚዛን

ባልሳ እንጨት እንደ ልብ ስለማይገኝ በቀርከሃ፣ በኮምፔንሳቶና በፎም የተሠራ አካል ከፕላኑ ከብዶ ይገኛል። ስለዚህ በግምት አትለፉት፤ መዝኑት። ከታሰበው ከ10 በመቶ በላይ ከከበደ ጌጡን፣ ትርፍ ቀለሙን፣ ትልቁን ጎማ ቀንሱ። ሳስቶ በሚጠብቃችሁ አየር ላይ ትርፍ ኪሎ ይዞ መውጣት ሁለት ቅጣት ነው።

ቀጥሎ የክብደት ማዕከሉን ፈልጉ። ታንኩ ባዶ፣ ባትሪዎቹ በቦታቸው ይሁኑ። የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 40 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከፊት ጠርዝ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ምልክት አድርጉ፤ ለመጀመሪያ ቀን ከ11 አትለፉ። ክንፉ ወደ ኋላ ያዘነበለ ወይም ወደ ጫፉ የሚጠብ ከሆነ ስሌቱ በአማካይ ስፋቱ ነው። ሁለት ሰው በምልክቱ ላይ ያንሣው፤ አፍንጫው ትንሽ ዘንበል ካለ ጥሩ ነው። ጅራቱ ከወረደ አይበርም፤ ቢበርም የምትቆጣጠሩት አይሆንም። እርሳስ ከመጨመራችሁ በፊት ባትሪውን ወደ ፊት ግፉ። ጅራት ላይ ያለች 100 ግራም አፍንጫ ላይ 300 ግራም ልታስከፍል ትችላለችና መቀነስ ያለበትን መጀመሪያ ከጅራት ፈልጉ።

መሪዎቹና ሬዲዮው

አውሮፕላኑ በመጀመሪያ በረራው ከሚከሰከስባቸው ምክንያቶች በጣም የሚያናድደው የተገለበጠ መሪ ነው። ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ። እጀታውን ወደ ቀኝ ስትገፉ የቀኝ ክንፍ ኤሌሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ይሂድ። ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ጅራት ላይ ያለው ኤሌቬተር ወደ ላይ ይነሣ። ራደሩና የጅራት ጎማው ወደ አንድ አቅጣጫ ይዙሩ። ይህን ሌላ ሰው ጮክ ብሎ እያነበበ፣ እናንተ እያያችሁ አድርጉት፤ ሜዳ ላይ ክንፉ ከተገጠመ በኋላም ድገሙት፣ ገመዶች የሚቀያየሩት ያኔ ነውና።

በዚህ መጠን አውሮፕላን ላይ ለእያንዳንዱ መሪ ከ10 ኪሎ ግራም-ሴንቲ ሜትር ያላነሰ ጉልበት ያለው ሴርቮ ያስፈልጋል። መሪውን በጣት ይዛችሁ አነቃንቁ፤ የሚጫወት ነገር ካለ ማገናኛውን ቀይሩ። ለሪሲቨሩ ሁለት ባትሪና ሁለት ማብሪያ ስጡት። የባትሪውን ቮልት ሁሉም ሴርቮ እየሠራ ሳለ ለኩ፤ ዝም ብሎ ሳለ የሚነበበው ቁጥር ያታልላል።

ከዚያ የርቀት ፈተና ነው። ሪሞቱን በፈተና ሁኔታ ላይ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ራቁ፤ አንድ ጊዜ ሞተሩ ጠፍቶ፣ አንድ ጊዜ በሙሉ ኃይል እየሠራ። መሪዎቹ ከተንቀጠቀጡ የካንዴላው ሽቦ ለሪሲቨሩ ቀርቧል ማለት ነው፤ አራርቋቸው። በመጨረሻም አውሮፕላኑ ታስሮ ሪሞቱን አጥፉ፤ ሞተሩ ወዲያው ወደ ሚኒሞ ካልወረደ ወይም ካልጠፋ ዛሬ ወደ ቤት ነው።

ሞተሩ

ብዙ ጊዜ የሚወስደው ይህ ነው፤ ቢወስድም ይገባዋል። ቤንዚኑን በሃይላንድ ከመንገድ ዳር ከገዛችሁት ውኃና ቆሻሻ አይጠፋውምና በጥሩ ማጣሪያ አሳልፉት። የሞተሩ መመሪያ 32 ለ 1 ካለ ለ5 ሊትር ቤንዚን 155 ሚሊ ሊትር ገደማ የሁለት ምት ዘይት ይገባል።

ካርቡራተሩ ከፋብሪካ የመጣው ለወፍራም አየር ተስተካክሎ ነው። እዚህ ሲነሣ ቤንዚን ይበዛበታል፦ ማርሚታው ወፍራም ጭስ ይተፋል፣ ድምፁ ይንተፋተፋል። የከፍተኛ ፍጥነቱን ቪቴ በስምንተኛ ዙር እየቆጠራችሁ አጥብቁ። ድምፁ ጥርት ብሎ ከፍ ያለበት ላይ ስትደርሱ ጥቂት መልሱት፤ እዚያው ጫፍ ላይ ከተዋችሁት ሞተሩ አየር ላይ ይግላል፣ ይጠፋል። አስተካክላችሁ ስትጨርሱ ሁለት ሰው አፍንጫውን ወደ ሰማይ አዘንብሎ ይያዝ፣ ሞተሩ በሙሉ ኃይል ይሥራ። ከደከመ ቪቴውን ትንሽ አላሉት።

አሁን ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሳሳ አየር የሞተሩን ኃይል ቢቀንስም ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ስለሳሳ ይቀለዋል። ስለዚህ የዙር መለኪያው የባሕር ወለሉን ያህል ቁጥር ያሳያችኋል፤ ግፊቱ ግን በሩብ ቀንሷል። ዙሩን ተዉትና ግፊቱን ለኩ። ጅራቱን በጠንካራ ገመድ በተንጠልጣይ ሚዛን አልፋችሁ ከተተከለ ግንድ ጋር እሰሩት፤ ሙሉ ኃይል ስትሰጡ መርፌው የሚያሳየው ኪሎ ከአውሮፕላኑ ክብደት ሁለት ሦስተኛ አይነስ። ለ9 ኪሎው 6 ኪሎ ማለት ነው። ካነሰ ሞተሩ በሚችለው ልክ ዲያሜትሩ በአንድ ኢንች የሚበልጥ ፕሮፔለር ሞክሩ። ፕሮፔለሩ በሚሽከረከርበት መስመር ላይም ሆነ ከፊቱ ማንም አይቁም፤ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ የተንጠለጠለ ገመድ አጠገቡ አይድረስ። ሚዛኑን የሚያነበው ሰው ከጅራቱ ኋላ ነው ቦታው።

ሜዳውና ቀኑ

ቢያንስ 150 ሜትር ርዝመት ያለው፣ ዙሪያው ባሕር ዛፍና የኤሌክትሪክ መስመር የሌለበት የግጦሽ ሜዳ ፈልጉ። የገበያ ቀን አይሁን። ሞተሩ ሲጮኽ የሰፈሩ ልጅ ሁሉ መሰብሰቡ አይቀርም፤ ስለዚህ ሽማግሌዎችንና ከብት ጠባቂዎቹን ቀድማችሁ አነጋግሩ፣ ልጆቹን ከኋላችሁ በአንድ መስመር የሚይዙ ሁለት ሰዎች መድቡ። ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ቀዝቃዛ አየር ወፍራም ነው፣ ነፋሱም ገና አልተነሣም። አሞራዎቹ በዳሞታ ተራራ በኩል ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ መክበብ ሲጀምሩ መሬቱ ሞቋል፤ ያኔ ሥራ ማቆም ነው።

በረራው

መጀመሪያ ሜዳው ላይ እየነዳችሁ አቅጣጫውን ልመዱ። ነፋሱን ፊት ለፊት ይዛችሁ ኃይሉን በዝግታ ጨምሩ። ጅራቱ ከተነሣ በኋላም በግድ አትሳቡት፤ ከምትጠብቁት በላይ ይሩጥ። እዚህ ሜዳ ላይ ያለጊዜው የተሳበ አውሮፕላን ይነሣና በግራ ክንፉ ይወድቃል። ከተነሣ በኋላ በለሰለሰ አቀበት ወደ 60 ሜትር ውጡ፣ ሰፋ አድርጋችሁ አዙሩ፣ ትሪሙን አስተካክሉ። ከዚያ በቂ ከፍታ ላይ ሆናችሁ ኃይሉን ቀንሱና ምን ያህል ዘገምተኛ ሲሆን እንደሚወድቅ እዩ፤ ማረፊያችሁ ከዚያ ፍጥነት በደንብ ይብለጥ። ዓይናችሁ «ፈጠነ» ይላችኋል፤ አትመኑት፣ የሳሳ አየር ላይ ትክክለኛው ፍጥነት ሁልጊዜ የፈጠነ ይመስላል። ትርዒት አይኑር፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ አውርዱት።

ካረፈ በኋላ ሞተሩን አጥፍታችሁ ቡሎኖቹን ሁሉ በመፍቻ፣ ቪቴዎቹን በካቻቪቴ አንድ በአንድ ንኩ፤ የሞተሩን ማቀፊያ፣ ማርሚታውን፣ የሴርቮ ክንዶቹን። አዲስ አውሮፕላን ላይ የላላ ነገር አይጠፋም። የሞተር ማቀፊያ ቡሎን ላልቶ ካገኛችሁት በማያላላ ማጣበቂያ አጥብቃችሁ እስኪደርቅ እስከ ነገ ጠብቁ፤ በዚያ ቀን ሁለተኛ በረራ የለም።