የ12ኛ ክፍል ውጤትና የመስጊዶቻችን ድርሻ



በቅርቡ ከዒሻእ ሶላት በኋላ አንድ አዛውንት ጎረቤቴ እጄን ይዘው ወደ መስጊዱ ጥግ ወሰዱኝ። ልጃቸው በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተማረ፣ ከክፍሉ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ይወጣ የነበረ ልጅ ነው። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ግን ማለፍ አልቻለም። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፤ እስቲ ንገረኝ። ልጄ ሰነፍ ነው? ወይስ ትምህርቱን ትቶ ዐረብ አገር ይሂድ?» አሉኝ። ያን ምሽት የሚረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። ቁጥሮቹን ካገላበጥኩ በኋላ የተረዳሁትን ግን እነሆ ለእርሳቸውም ለእናንተም አቀርባለሁ።

በ2014 ዓ.ም ከ896,520 ተፈታኞች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 29,909 ብቻ ነበሩ፤ ከመቶ 3.3 መሆኑ ነው። በ2015 ከ845,188 ተፈታኞች 27,267 አለፉ፤ ከመቶ 3.2። በ2016 ወደ 5.4፣ በ2017 ደግሞ ወደ 8.4 ከመቶ ከፍ ብሏል። መሻሻሉ አልሐምዱሊላህ የሚያሰኝ ነው። ይሁን እንጂ በ2017ም ቢሆን ከመቶ ተፈታኞች ከዘጠና የሚበልጡት ግማሹን ነጥብ አላገኙም።

ታዲያ ልጆቻችን በአንድ ጊዜ ሰነፉን? አይደለም። ቀደም ሲል የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ሲወሰን የዩኒቨርሲቲዎች የቅበላ አቅም ግምት ውስጥ ስለሚገባ፣ ግማሹን ያላመጣ ተማሪም ሊገባ ይችል ነበር። ኩረጃውም የታወቀ ነው፤ በግንቦት 2008 ፈተናው አስቀድሞ በማኅበራዊ ድረ ገጾች በመውጣቱ እስከ መሰረዝ ደርሶ ነበር። ከ2014 ተፈታኞች ጀምሮ ግን ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ይሰጥ፣ ማለፊያውም ግማሽ ነጥብ ይሁን ተባለ። እንግዲህ ውድቀቱ በዚያ ዓመት የመጣ ሳይሆን በዚያ ዓመት የተገለጠ ነው።

ለጎረቤቴ ጥያቄ ትልቁን መልስ የያዘው ግን ሌላ ቁጥር ነው። በ2015 ካስፈተኑት 3,106 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም። የአንድ ልጅ ስንፍና የሚጥለው አንድን ልጅ ነው። ትምህርት ቤት በሙሉ ሲወድቅ ግን መጠየቅ ያለበት ከልጁ በላይ ያለው ነው። መጽሐፉ ለስንት ልጅ ይዳረሳል? የሒሳብ መምህሩ ዓመቱን ሙሉ ነበሩን? ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ በእንግሊዝኛ የሚማረው ልጅ የሚያነበውን ይረዳል? ከክፍል አንደኛ መውጣትም ከጎን ከተቀመጡት መብለጥ ነው እንጂ ለብሔራዊ ፈተና መብቃት አይደለም። ወላጅ ይህን አውቆ የሪፖርት ካርዱን ደረጃ ብቻ ሳይሆን የልጁን ደብተር ማገላበጥ አለበት።

መምህርና መጽሐፍ ማሟላት የመንግሥት ግዴታ ነው፤ መጠየቅም መብታችን ነው። ግን እስኪሟላ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቅ? ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከበድር ዘመቻ በኋላ ቤዛ መክፈል ያልቻሉ፣ መጻፍ የሚያውቁ ምርኮኞች የመዲናን ልጆች ጽሕፈት አስተምረው ነጻ እንዲወጡ ማድረጋቸው በሲራ የታወቀ ነው። ለልጆች ትምህርት ሲባል ትናንት ሰይፍ የመዘዘ ጠላት እንኳ መምህር ከሆነ፣ በየጀመዓችን ከጎናችን የሚሰግደው ኢንጂነር፣ ሐኪም፣ የሒሳብ ባለሙያ ምን ምክንያት አለው?

«መስጊድ የዒባዳ ቦታ ነው» የሚሉ አባቶች አሉ። እውነት ነው። ነገር ግን የረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ የሱፋ ባልደረቦች ያደሩበትና ዕውቀት የቀሰሙበትም ነበር። የመስጊዶቻችን መድረሳዎች ከዐስር እስከ መግሪብ ባዶ የሚሆኑባቸው ቀናት ስንት ናቸው? እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና የአፕቲትዩድ ፈተና ለተፈጥሮ ሳይንስም ለማኅበራዊ ሳይንስም ተማሪዎች የጋራ ናቸው። በእነዚህ በሦስቱ መጀመር ይቻላል። ለእህቶችም የራሳቸው ቦታና ሰዓት ይመደብ። ጅማሬው ግን 12ኛ ክፍል ላይ አይሁን፤ ያኔ መሽቷል፤ 9ኛ ክፍል ላይ ይሁን።

ላላለፉትም በሩ አልተዘጋም። የተሻለ ነጥብ ላላቸው የሪሚዲያል ትምህርት አለ፤ በግል ተመዝግቦ እንደገና መፈተን አለ፤ ቴክኒክና ሙያም አለ። ዐረብ አገር የተስፋ መቁረጥ መሸሻ መሆን የለበትም።

ለጎረቤቴ በመጨረሻ የነገርኳቸው ይህንኑ ነው። «ልጅዎ ሰነፍ አይደለም፤ ያልተሰጠውን ተጠይቆ ነው» አልኳቸው። እርሳቸውም ዝም ብለው ቆይተው፣ «ታዲያ አንተ ምን ታስተምረዋለህ?» አሉኝ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። በሳምንት ሁለት ቀን እንግሊዝኛ ላስተምር ቃል ገብቻለሁ። እናንተስ ወንድሞችና እህቶች፣ ምን ታስተምራላችሁ?

አላህ ጠቃሚ ዕውቀትን ይወፍቀን። ወሏሁ አዕለም።