ከሚመጣው ቁጣ ስለ መዳን

ጥያቄ፦ በክርስቶስ ያመነ ሰው በፍርድ ቀን ከእግዚአብሔር ቁጣ እንደሚድን እርግጠኛ ሊሆን ይችላልን?

መልስ፦ የእግዚአብሔር ቁጣ ቅዱስ አምላክ በኃጢአት ላይ ያለው ጽኑ ፍርድ እንጂ እንደ ሰው ያለ ብስጭት አይደለም። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 5፥9-10 የሚያቀርበው ሙግት ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይሄዳል፤ እግዚአብሔር ጠላቶቹ የነበሩትን በልጁ ሞት ካስታረቀ፣ የታረቁትን ከቁጣው ማዳኑ ይልቁን የተረጋገጠ ነው። ስለዚህ የእርግጠኝነቱ መሠረት የተፈጸመው የክርስቶስ ሥራ እንጂ የአማኙ ስሜት አይደለም። ይህ በብርቱ ሊነገር ይገባዋል፤ ብዙ ቅን ምእመናን ልባቸው በቀዘቀዘ ቁጥር የተጣሉ እየመሰላቸው ይሠቃያሉና።

አብያተ ክርስቲያናት በጉዳዩ አንድ አቋም የላቸውም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የትሬንት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1547 ያለ ልዩ መገለጥ ማንም ስለ ፍጻሜው ፍጹም እርግጠኛ ሊሆን እንደማይችል ወሰነ። የፕሮቴስታንቶቹ የዌስትሚንስተር የእምነት መግለጫ ግን በ18ኛው ምዕራፉ እርግጠኝነት እንደሚቻል፣ እውነተኛ አማኝ እንኳ እስኪደርስበት ብዙ ሊታገል እንደሚችል ያስተምራል። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እምነትን ከምግባርና ከምሥጢራት ጋር አያይዛ እስከ መጨረሻው መጽናትን ታሳስባለች።

የሚጠራጠር ሰው የራሱን ልብ ደጋግሞ ከመመርመሩ በፊት ሮሜ 5ንና 8ን ቀስ ብሎ ያንብብ።