የአእዋፍ ምላስና የኬራቲን ሥራ

ዛሬ በምድር ላይ ከሚኖሩት አእዋፍ መካከል ጥርስ ያለው አንድም የለም። ስለዚህ ዶሮ ገብስ ስትለቅም፥ ዝይ ሣር ስትነጭ፥ በቀቀን ፍሬ ሲፈለፍል ሥራው ሁሉ የሚወድቀው በመንቁርና በምላስ ላይ ነው። የኛ ምላስ በደረቅ እህል ላይ ቀኑን ሙሉ ቢታሽ ይቆስላል። የወፍ ምላስ ግን ዕድሜውን ሁሉ ከደረቅ ፍሬ፥ ከአሸዋና ከጠጠር ጋር ሲታገል ይኖራል። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? መልሱ የምላሱን ሽፋን በሚያጠነክሩት ኬራቲን በተባሉት ፕሮቲኖች ዘንድ ይገኛል።

ኬራቲን ምንድን ነው?

ስሙ የተገኘው «ቀንድ» የሚል ትርጉም ካለው የግሪክ ቃል ነው። ጠጕራችን፥ ጥፍራችን፥ የበሬ ቀንድ ሽፋንና የበግ ፀጕር በኬራቲን የተሠሩ ናቸው። ዶሮ ከተነጨች በኋላ የቀረው ጥቃቅን ላባ በእሳት ሲለበለብ የሚሸተው እንደ ተቃጠለ ጠጕር ነው፤ ምክንያቱም በላባውም በጠጕሩም ፕሮቲን ውስጥ ድኝ ስላለ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም። ዊልያም አስትበሪ የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ እንደ ኤውሮፓ አቆጣጠር በ1930ዎቹ ዓመታት ሱፍንና ላባን በኤክስሬይ ሲመረምር አሠራራቸው የተለያየ መሆኑን ተመለከተ። አንደኛው ዓይነት አልፋ ይባላል፤ ክሮቹ እንደ ገመድ እርስ በርሳቸው የተገመዱ ስለ ሆኑ ይለጠጣሉ። ይህ በሰውም፥ በከብትም፥ በወፍም ይገኛል። ሁለተኛው ቤታ ሲሆን፥ ከአልፋው ያነሰና እንደ ታጠፈ ወረቀት የተነባበረ ነው። የሚገኘውም በአእዋፍና እንደ እባብ፥ እንደ ኤሊ፥ እንደ አዞ ባሉት ፍጥረቶች ብቻ ነው። ላባ፥ መንቁርና የወፍ ጥፍር ጥንካሬአቸውን ያገኙት በተለይ ከዚህ ነው። የዛሬ ሊቃውንት ቤታው በዘሩ ከአልፋው የተለየ መሆኑን ስላረጋገጡ፥ ብዙዎቹ ኬራቲን ብለው መጥራቱን ትተዋል።

በምላስ ላይ ያለው ክፍፍል

ሁለቱ ዓይነቶች በወፍ ምላስ ላይ የተደለደሉት እንደ ሥራው ነው። መታጠፍና መለጠጥ በሚያስፈልገው ቦታ ሽፋኑ በአብዛኛው የአልፋ ነው። ከምላሱ ጫፍ በታች በኩል ግን እንደ ሰው ጥፍር የጠነከረ ነገር ይገኛል፤ ሊቃውንትም «የምላስ ጥፍር» ይሉታል። እዚህ ቤታው በአልፋው ላይ ይጨመርበታል። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም ይህ ጥፍር ለስላሳውን ምላስ ከታች ደግፎ እንደ ማንኪያ እንዲያገለግል ያደርገዋል። በ1986 ዶሚኒክ ሆምበርገርና አላን ብራሽ የተባሉ ተመራማሪዎች የአፍሪካን ግራጫ በቀቀን አፍ መርምረው፥ የየክፍሉን ሥራ ከኬራቲኑ ዓይነት ጋር አስተያይተው ጽፈዋል።

ሽፋኑ የሚታደሰው ከሥር ነው። አዲስ ሕዋሳት ከታች ይወለዳሉ፤ ወደ ላይ እየተገፉ ሲሄዱ በኬራቲን ይሞላሉ፤ በመጨረሻም ጠፍጥፈው ይሞታሉ። የላይኛው ሲፋቅ የታችኛው ይተካል።

በምላሱ ኋላ ደግሞ ወደ ጉሮሮ ያዘነበሉ እሾህ መሰል ነገሮች ተሰልፈው ይገኛሉ፤ የተዋጠው ምግብ ተመልሶ እንዳይወጣ ያግዳሉ። ዝይ በምላሱ ጠርዝ ላይ ባሉት ሹል ነገሮች ሣር ይቆርጣል። ፔንግዊን የተባለው የባሕር ወፍ ደግሞ ምላሱም ላንቃውም በእሾህ የተሸፈነ ስለ ሆነ የሚያሟልጨው ዓሣ አያመልጠውም። የላም ምላስም ሻካራ ነው፤ ነገር ግን ላም ቤታ ስለሌላት ሻካራነቱ የመጣው ከአልፋው ብቻ ነው።

ያለ ቦታው ሲገኝ

ኬራቲን የሚጠቅመው በቦታው ሲሆን ነው። ዶሮ በምግቧ ቫይታሚን ኤ ካጣች፥ እርጥብ መሆን የሚገባው የአፍና የጉሮሮ ሽፋን እየደረቀ በኬራቲን ይሞላል። የምራቅ ዕጢዎች ቧንቧ ይደፈናል፤ በአፏ ውስጥም ነጫጭ እብጠት ይታያል። ከዚያ በኋላ ሌላ በሽታ በቀላሉ ያጠቃታል። መከላከያው አረንጓዴ ቅጠልና ቢጫ በቆሎ መስጠት ነው፤ ነጭ በቆሎ ብቻውን አይበቃም።

በቀድሞ ዘመን በኤውሮፓ ገጠሮች ዶሮ ስትታመም የምላሷን ጠንካራ ጫፍ «በሽታው ይህ ነው» እያሉ ይልጡት ነበር። ሆኖም የምላስ ጥፍር በጤነኛዋም ዶሮ አለ። የታመመችዋ አፍንጫዋ ተደፍኖ በአፏ ስትተነፍስ ይበልጥ ይደርቃል እንጂ የበሽታው ሥር እርሱ አይደለም። ልጦ ማውጣት መብያዋን ማሳጣት ነው።

ነገሩ ለሰውም ትምህርት አለው። ቫይታሚን ኤ ያጣ ሕፃን አስቀድሞ ዳፍንት ይይዘዋል፤ ኋላም የዓይኑ እርጥብ ሽፋን እንደ ዶሮዋ አፍ ይደርቃል፤ ሳይታከም ቢቀር ሊታወር ይችላል። ስለዚህ ጎመንና ካሮት ከሕፃናት ማዕድ መጥፋት የለባቸውም።

በቤታችን ዶሮ በታረደ ጊዜ ራሱ ከመጣሉ በፊት ምላሱን አውጥተን ከላይም ከታችም በጣታችን ብንዳስሰው፥ በዚህ ጽሑፍ የተነገረውን ልዩነት በራሳችን እጅ እናረጋግጣለን።