አዲስ ቤት ስንገባ ምን እናስቀድም?



ለዚህ ዕትም እንድጽፍ የተሰጠኝ ርእስ የአዲስ ተጋቢዎችን የቤት አዘገጃጀት የሚመለከት ነው። ርእሱ የደረሰኝ በጉዳዩ ዐዋቂ ስለሆንሁ አይደለም፤ ቤቴ ገብታችሁ ያያችሁ እንደምታውቁት በዚህ ነገር ብዙ የሳትሁ ሰው ነኝ። ይሁን እንጂ በዚህ ዓመት ከክፍላችን የሚያገቡ ጥንዶች ስላሉ፥ እኔ የከፈልሁትን ዋጋ እነርሱ ደግመው እንዳይከፍሉት በማለት የደረሰብኝን ከነስሕተቱ እጽፋለሁ።

እኔና ባለቤቴ አዲስ አበባ ውስጥ አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም የገባነው በ2013 ዓ.ም. ሰኔ ወር ነው። የጋራ መኖሪያ ቤት ሲረከቡት አብዛኛውን ጊዜ ያላለቀ ነው፤ የወለሉ ንጣፍ፥ የውስጡ ቀለም፥ የወጥ ቤቱ መደርደሪያ የባለቤቱ ድርሻ ነው። እኛም ቁልፉን በተቀበልን ማግሥት መጣደፍ ጀመርን፤ ምክንያቱም ለሐምሌ መጀመሪያ ዘመድ ጠርተን ነበር። ጓደኞቻችን ቤታቸውን አሳምረው ጠርተውናልና የእኛ ከእነርሱ እንዲያንስ አልፈለግንም። እውነቱን ልናገርና «አልፈለግንም» ስል ያልፈለግሁት እኔ ነኝ። ባለቤቴስ «ትንሽ ቆይተን ብንጠራቸው ምን ይለናል?» ብላኝ ነበር።

የሳሎኑ ግድግዳ በሲሚንቶ ከተለሰነ ገና ዘጠነኛ ቀኑ ነበር። ቀለም ቀቢው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ ጫን አድርገው ቆዩና «ልጄ፥ ይህ ገና ውኃ ይዟል፤ አንድ ወር ይተንፍስ» አሉኝ። አልሰማኋቸውም፤ ዘይት ቀለም አስቀባሁት። ሲሚንቶ ግን በውኃ የሚጠነክር ነገር ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እየራሰ መቆየት አለበት፤ ባለሙያዎችም ጥንካሬውን በተለምዶ የሚለኩት በ28ኛው ቀን ነው። ወቅቱ ክረምት ከሆነ ደግሞ ለመድረቅ ከዚያም በላይ ይቈያል። ውስጡ ርጥበት እያለ ውኃ በማያሳልፍ ቀለም ከተሸፈነ፥ ርጥበቱ መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከግድግዳው ገፍቶ ያነሣዋል። የእኛም ሳሎን ነሐሴ ሳይጋመስ እሳት እንደ ነካው ቆዳ እያበጠ ይላጥ ጀመር። እንግዶቹ ያዩት ቀለም የቆየው አምስት ሳምንት ነው።

ይህን ነገር የገጠሩ ወገናችን ከእኔ ይልቅ ያውቀዋል። ቤት ሊመረግ ሲል ጭቃው ከጭድ ጋር ተረግጦ ጥቂት ቀን ይቦካል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ እስኪሰነጠቅ ድረስ ይተዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ልቅላቂው የሚከተለው። መሰንጠቁን ማንም እንደ ጉድለት አይቆጥረውም፤ የሥራው አንድ ክፍል ነው። አባቴ እንዲህ ሲመርግ ጭቃ አቀብለው ነበርና ላለማወቄ ምክንያት የለኝም።

ቀለሙስ የገንዘብ ጉዳት ነው፤ የባሰው የቡፌው ነገር ነው። ከአንድ የዕቃ መሸጫ ቤት ርዝመቱ ሁለት ሜትር ተኩል የሚሆን ባለ መስተዋት ቡፌና አንድ ትልቅ ሶፋ በዱቤ ገዛሁ፤ ዋጋቸው ተደምሮ የስድስት ወር ደመወዜ ነበር። ሶፋው በደረጃው አልታጠፍ ብሎ እግሩ ተነቅሎ በስንት መከራ ወጣ። ቡፌው ደግሞ ሳሎኑ ውስጥ የሚቆምበት ሙሉ ግድግዳ ስላልተገኘ በመስኮቱ ላይ አቆምነው። የመስኮቱን አንዱን ክንፍ ጨርሶ ሸፈነው፤ ሌላውም እንደ ልብ አይከፈትም ነበር። «ብርሃኑን ከለከለን» አለችኝ ባለቤቴ። እኔም «መብራት አለ» አልኋት። ይህን መልሴን እስከ ዛሬ አልረሳውም።

በጥቅምት ወር አማቴ ከጎጃም መጡ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብርዱ ጠንከር ስላለ የበረንዳውን በር ዘግተን፥ እሳቸው ከሰሉን አያይዘው ቡና አፈሉልን። ቡናው ካለቀም በኋላ ምድጃው እዚያው ቀርቶ እየሞቅነው ስንጫወት ባለቤቴ ራሷን እንዳመማት ተናገረች፤ ቀጥሎም አቅለሸለሻት፤ ልትነሣ ስትል ወደቀች። አማቴ «በሩን! በሩን!» እያሉ ጮኹ። ተሸክመን ወደ ኮሪደሩ አወጣናት፤ ከዚያም ወደ ጤና ጣቢያ። እግዚአብሔር ይመስገን፥ እርሷም ሕፃኑም ተርፈዋል።

ሐኪሙ እንዳስረዳን፥ የተያያዘ ከሰል ጭስ ባይታይበትም ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ ይህም ደም ኦክስጅን የሚሸከምበትን ቦታ ይይዝበታል። ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽና ማዞር ማስጠንቀቂያዎቹ ናቸው፤ በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ አደጋው የከፋ ነው። በገጠሩ ቤት በሣሩ ክዳንና በግድግዳው ስንጥቅ አየር ይመላለሳል፤ የእኛ የብሎኬት ቤት ግን በሩና መስኮቱ ከተዘጋ እንደ ተከደነ ማሰሮ ነው። ስለዚህ ወንድሞቼና እኅቶቼ፥ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህን አትርሱ፤ ከሰል በተዘጋ ክፍል አይያያዝ፥ የተያያዘ ምድጃም ክፍል ውስጥ አስቀምጣችሁ አትተኙ፤ መስኮትም በዕቃ አይዘጋ።

ያን ሰሞን ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ስለ ሱነማዊቷ ሴት የተጻፈውን አነበብሁ፤ በመጽሐፈ ነገሥት ካልዕ ምዕራፍ 4 ከቁጥር 8 ጀምሮ ይገኛል። ብዙ ጊዜ የሰማሁት ታሪክ ነው፤ የቤት ዕቃ ዝርዝር እንዳለበት ግን ልብ ብዬ አላውቅም ነበር። ይህች ሴት ባለጸጋ ናት፤ ለነቢዩ ለኤልሳዕ የፈለገችውን ማድረግ በቻለች ነበር። ሆኖም መጀመሪያ ያደረገችው እንጀራ እንዲበላ መጋበዝ ብቻ ነው። እርሱም በዚያ ባለፈ ቁጥር ወደ እርሷ ይገባ ነበር። ሰውየውን ካየችና ምን እንደሚጎድለው ከተረዳች በኋላ ነው ወደ ባሏ ሄዳ አንዲት ትንሽ ሰገነት እንሥራለት ያለችው። ለብቻዋ አልወሰነችም፤ ልብ በሉ። በሰገነቲቱም ውስጥ የሚገባው አራት ነገር ነው፦ አልጋ፥ ጠረጴዛ፥ ወንበርና መቅረዝ። ተጓዥ ሰው ይተኛል፥ ይበላል፥ ይቀመጣል፥ ሲመሽ ያነባል። ስለ መጋረጃ ቀለም አንድም ቃል የለም! መጋረጃ ይጠላል ማለቴ አይደለም፤ የዕቃው ሁሉ መነሻ የሚገባው ሰው እንጂ የሚያየው ሰው አልነበረም ማለቴ ነው። እኔ ደግሞ ሳሎኔን ያዘጋጀሁት ለአንድ ቀን እንግዳ ዐይን ነው፤ በየቀኑ ለምትኖርባት ሴት፥ ሊወለድ ላለው ልጅ፥ ለአማቴም ቡና ማፍያ አላሰብሁም።

በማግሥቱ እኔና ባለቤቴ ወረቀት ይዘን ተቀመጥን። «እዚህ ቤት ማን ምን ያደርጋል?» ብለን ጻፍን። ከዚያም ቡፌውን በኪሳራ ሸጥነው፤ በገንዘቡም የዱቤውን ግማሽ ከፈልን። ባዶ የሆነው ሳሎን መጀመሪያ ላይ አሳፍሮኝ ነበር። አንድ ጎረቤታችን እንዲያውም «ምን ደረሰባችሁ?» ብለውናል። ነገር ግን በባዶው ቤት ስንኖር ቀድሞ ያላየነውን አየን፤ የጠዋት ፀሐይ የሚገባው በየትኛው መስኮት እንደሆነ፥ ንፋሱ ከየት ወደ የት እንደሚያልፍ፥ ሰው ሲመጣ ሳያውቀው ወዴት ሄዶ እንደሚቀመጥ። ቡና የሚፈላበት ስፍራ በረንዳው በር አጠገብ ሆነ። ምሥራቁ ግድግዳ ለጸሎት ቀረ፤ ጧፍ የሚበራበት ስለሆነ መጋረጃ አናስጠጋበትም። ቴሌቪዥኑንም ወደ ጥጉ አዛወርነው፤ ወንበር ሁሉ ወደ እርሱ ሲዞር እንግዳ እንግዳውን ማየት አቅቶት ነበርና።

አሁን አንድ ዕቃ ለመግዛት ስናስብ የምናደርገውን ልንገራችሁ፤ ሰው ይስቅብናል፤ ነገር ግን ብዙ ገንዘብ አድኖልናል። የዕቃውን ርዝመትና ስፋት ለክተን በዚያው ልክ አሮጌ ጋዜጣ ወለሉ ላይ እንዘረጋለን። ጋዜጣው ሳምንት ይቆያል። እግራችን ከረገጠው፥ በር ሲከፈት ከነካው፥ ዕቃው አይገባም ማለት ነው። የደረጃውንም መታጠፊያ በሜትር ለክቼ በኪሴ ይዣለሁ። ገንዘቡን በዱቤ ፈንታ በዕቁብ እናጠራቅማለን፤ ዕጣው እስኪደርሰን ወራት ይፈጃል፤ በዚያም መካከል እንፈልገዋለን ያልነውን ነገር ስንት ጊዜ እንደማንፈልገው አውቀናል። ግድግዳውም ተፍቆ፥ በጋውን በሙሉ ደርቆ፥ በሚያዝያ እንደገና ተቀባ፤ የቀቡት እነዚያው አባት ናቸው። አልተናገሩኝም፤ መዳፋቸውን ብቻ ጫን አድርገው አዩትና ባልዲያቸውን አነሡ።

ከሶፋው በላይ ያለው ግድግዳ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ለእርሱ የሚሆን ባለ አለላ ስፌት አማቴ ጀምረዋል። ስንደዶው የሚለቀመው በወቅቱ ነው፤ ተሰንጥቆ ይደርቃል፥ ቀለም ይነከራል፥ ከዚያም በወስፌ አንድ ዙር ለመስፋት ብዙ ምሽት ይወስዳል። ዐይናቸውም ደከም ስላለ በቀን ብርሃን ብቻ ነው የሚሰፉት። ባለፈው ስልክ ደውዬ «እናቴ፥ እንዴት ሆነ?» ብላቸው «ልጄ፥ ገና ወገቡ ላይ ነኝ» አሉኝ። ልጃችን ሦስተኛ ዓመቱን ይዟል፤ ባዶውን ግድግዳ እያሳየ ለሚመጣው እንግዳ ሁሉ «እዚህ የአያቴ ነው» ይላል።