ጣትን መሥራት ለምን ከበደ?



ከሶላት በኋላ ተስቢሕ ስታደርጉ አውራ ጣታችሁን አስተውላችሁታል? ሳታዩት ከአንጓ ወደ አንጓ እየተሻገረ ይቆጥራል። ለእኛ ለመሐንዲሶች ይህች ትንሽ እንቅስቃሴ ከባድ የቤት ሥራ ናት።

መጀመሪያ አንድ ነገር ሞክሩ። የግራ ክንዳችሁን በቀኝ እጃችሁ ያዙና የግራ ጣቶቻችሁን እጠፉ። ክንዳችሁ ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር ይሰማችኋል። ጣትን የሚያጥፈው ጡንቻ ጣቱ ውስጥ የለም፤ ክንድና መዳፍ ውስጥ ሆኖ በጅማት እንደ ገመድ ይስበዋል። ስለዚህ መዳፉን ያጣ ሰው የክንዱ ጡንቻ ይቀርለታል። ቆዳው ላይ የሚያርፉ ኤሌክትሮዶች የጡንቻውን የኤሌክትሪክ ምልክት ተቀብለው የሰው ሠራሹን እጅ ሞተር ያዛሉ።

በአንድ እጅ ጣቶች ውስጥ 14 አጥንቶች አሉ፤ በአውራ ጣት 2፣ በሌሎቹ 3 3። ለእያንዳንዱ መጋጠሚያ ሞተር ብናደርግለት እጁ ይከብዳል፤ ባትሪውም ቶሎ ያልቃል። መፍትሔው አንድ ሞተር ብዙ መጋጠሚያዎችን እንዲያጥፍ ማድረግ ነው። አንዱ ጣት ዕቃውን ነክቶ ሲቆም ሌሎቹ መታጠፋቸውን ይቀጥላሉ፤ እጁም የዕቃውን ቅርጽ ይይዛል። እዚሁ ኖርዌይ፣ ራውፎስ ውስጥ የተመሠረተው ሃይፋይቭ የተባለ ድርጅት ጣቶቹ በፈሳሽ ግፊት የሚንቀሳቀሱ እጅ ሠርቷል።

እንዲህ ያለ እጅ ብርጭቆ ያነሳል። እንጀራ መቁረስ ግን ሌላ ነው። አውራ ጣት ይጫናል፣ ሌሎቹ ይስባሉ፣ ወጡን ሲጠቀልሉም ልስላሴውን ይለካሉ። አብዛኞቹ ሰው ሠራሽ እጆች የመዳሰስ ስሜት ስለሌላቸው ባለቤቱ በዓይኑ መከታተል አለበት። ውዱእም አለ። በቀን ደጋግሞ እጁን አውልቆ፣ የቀረውን ክንድ ታጥቦ መልሶ የሚያጠልቅ ሰው፣ በአንድ እጅ በቀላሉ የሚወልቅና የሚጠለቅ፣ የውሃ ርጥበት የማያበላሸው እጅ ያስፈልገዋል።

ማንኛውም ንድፍ የሚጀምረው «ይህ እጅ ምን ምን ይሥራ?» ከሚል ዝርዝር ነው። ዝርዝሩ ሲጻፍ እንጀራ የሚቆርስ፣ ውዱእ የሚያደርግ ሰው ከሌለ፣ እነዚህ ሥራዎች ይረሳሉ። የሚረሳቸው ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ስለማያውቃቸው ነው።

እናንተ ግን ታውቃላችሁ። ኖርዌጂያንኛውንም ሒሳቡንም ተምራችኋል። እዚህ ኦስሎ፣ ኦስሎሜት ዩኒቨርሲቲ የሰው ሠራሽ እጅና እግር ባለሙያዎችን ያሠለጥናል። የትምህርት ምርጫችሁን ስትሞሉ ይህንንም አስቡበት።